የወይራ አፋፍ ኮክ

እሱባለው ጠዋት ሲነሳ መጀመሪያ የሚያደርገው አፉን ለብ ባለ ውሃ መጉመጥመጥ ነው። ውሃው ምንም ጣዕም እንዳይኖረው ተደርጎ የተጣራ ነው። ከዚያ ምላሱን አውጥቶ ግድግዳው ላይ ባለችው ትንሽ መስታወት ፊት ይቆማል። መስታወቷ አይታ ስትጨርስ አረንጓዴ ታበራለች፤ እሱም ልብሱን ይለብሳል። ቢጫ ካበራች ያን ቀን ሥራ የለም። ባለፈው ክረምት አንድ ጠዋት ቢጫ አብርታበት ነበር። ጉንፋን አልያዘውም፤ በእንቅልፍ ልቡ ሲያለቅስ አድሮ አፍንጫው ተደፍኖ ነው። ምን አልሞ እንዳለቀሰ አላስታወሰም። የሚሠራበት ማዕከል ሐኪምም አልጠየቀው፤ አፍንጫ የሚከፍት ጠብታ ሰጥቶት ሄደ።

ቁርሱ ያለ ጨው የተገነፋ የሩዝ ገንፎ ነው። ምሳው ቅቅል ድንች፣ እራቱም ቅቅል ድንች። በርበሬ፣ ሽንኩርት፣ ቡና፣ ሻይ ከግቢው በር አያልፉም። ሳሙናው ሽታ የለውም። ፎቁን የምታጸዳው ሴትዮ ሥራ ከመግባቷ በፊት ጸጉሯን በዚያው ሳሙና ትታጠባለች፤ ቤቷ ወጥ የሠራች ቀን ኮሪደሩ ላይ አትታይም።

መቅመሻ ክፍሉ ጠባብ ነው። አንድ ወንበር፣ አንድ ገንዳ፣ ግድግዳው ላይ ሳህን የሚያልፍባት መስኮት። መብራቱ ቀይ ስለሆነ የሚቀርበው ሁሉ አንድ መልክ አለው። በሳህኑ ላይ የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል፣ የተላጠች የኮክ ቁራጭ ትመጣለች። እሱባለው ያላምጣታል፣ ይተፋታል፣ ከሦስት ቃላት አንዱን ይናገራል፤ «ነው»፣ «አይደለም» ወይም፣ ሊመስል ለተጠጋው፣ «ይቀርባል»። ከዚያ ይጉመጠመጣል። ሌላ ሳህን ይመጣል። ሌላ ቃል አያስፈልግም፤ ማዕከሉ ቀደም ሲል ቀማሾቹን በራሳቸው አባባል እንዲገልጹ ጠይቆ ነበር፤ የሰበሰበው ነገር ለማሽን የማይመች ሆኖ ስላገኘው ተወው።

ማዕከሉ ከደብረ ማርቆስ ወጣ ብሎ ኮረብታ ላይ ነው። ሰማዩ የጠራ ዕለት ከእሱባለው መስኮት የትውልድ መንደሩ የወይራ አፋፍ ሸንተረር ይታያል። በእግር የግማሽ ቀን መንገድ ነው። ወደዚያ ከሄደ አራት ክረምት ሊሆነው ነው።

በልጅነቱ በዚያ አገር ኮክ የሌለበት ጓሮ አልነበረም። ማንም አስቦ የተከለው አልነበረም፤ ሕፃናት በልተው ዘሩን ይጥላሉ፣ ዘሩ በጥራጊው መሐል ይበቅላል። የበቀለው እናቱን አይመስልም። የአንዱ ቤት ውስጡ ነጭ ነው፣ የሌላው ቢጫ፤ አንዱ ጸጉራም፣ አንዱ ልሙጥ፤ አንዱ ግንቦት ላይ ሲደርስ ሌላው ነሐሴን ይጠብቃል።

ከዚያ ንጋት የሚባለው ዝርያ መጣ። ከአንድ እናት ዛፍ ቅርንጫፍ የተባዛ ነበር፤ አገሩን የሞላው ዛፍ ሁሉ በእርግጥ አንድ ዛፍ ነበር ማለት ይቻላል። በአንድ ቀን ያብባል፣ በአንድ ሳምንት ይደርሳል፣ ጡጫ ያህላል፣ መኪና ላይ አይጎዳም። የጓሮ ኮኮች የፍራፍሬ ዝንብ መራቢያ ናቸው ተባለና የቆረጣ ዘመቻ ተጀመረ። ማንም አልተገደደም። አንድ ለቆረጠ አንድ የንጋት ችግኝ ይሰጠው ነበር። የእሱባለው እናት ዛፍ የተቆረጠው እሱ ለሥራ ባህር ዳር ሳለ ነው። ሲመለስ ቦታው ላይ አዲሱ ችግኝ ቆሟል፤ እናቱም ደስ ብሏት ውሃ ታጠጣው ነበር።

ንጋት አርባ ዓመት ያህል አፈራ። ከዚያ ቅጠሉ ከዳሩ መድረቅ ጀመረ። ሁሉም አንድ ዛፍ ስለነበር አንዱን ያገኘው በሽታ ሁሉንም አገኘ፤ ሁለት ክረምት ሳይሞላ ከጎጃም እስከ ወሎ ኮክ የሚባል ነገር ጠፋ። ያኔ ነው ማዕከሉ የተቋቋመው። ከፈረሱ ቤቶች ግድግዳ፣ ከአሮጌ ጎተራ ሥር፣ ከዋሻ የተለቀሙ ዘሮችን ሰብስቦ፣ እርስ በርስ እያዳቀለ በመስታወት ቤት ውስጥ በሺህ የሚቆጠሩ ዛፎች አበቀለ። አንዱም ሌላውን አይመስልም ነበር። የትኛው የድሮው የአገር ኮክ እንደሆነ የሚነግር ሰው ስላስፈለገ ከዘመቻው በፊት ኮክ የበሉ ሽማግሌዎች ይምጡ ተባለ። ብዙዎች መጡ። አንዳንዶቹ ምላሳቸው ደንዝዞ ነበር፣ አንዳንዶቹ ያለ ጨው መኖር አቅቷቸው ሄዱ፣ አንዳንዶቹ እዚያው አረፉ። በመጨረሻ ሁለት ቀሩ፤ እሱባለውና ባንቺአምላክ።

ባንቺአምላክ ከወንዝ ማዶ የቁልቋል በር ሰው ናት። አጭር፣ ጉልበቷን የሚያማት፣ ስትስቅ አፏን በእጇ የምትሸፍን ሴት። ባሏ ሞቷል፤ አንድ ሴት ልጅ አለቻት። እሱባለው ሚስቱን ከቀበረ በኋላ ልጅም ስላልነበረው ሲጠሩት ለመምጣት ብዙ አላሰበም። ከሰዓት በኋላ ሁለቱ ግቢው ውስጥ ያለ የእንጨት ወንበር ላይ ይቀመጣሉ። ወንበሩ ፊት ለፊት ለጌጥ የተዳቀሉ የኮክ ዛፎች በተርታ ቆመዋል። ዓመቱን ሙሉ ሐምራዊ አበባ አላቸው፤ ፍሬ የላቸውም።

«እነዚህም ኮክ ናቸው ይላሉ» አለችው መጀመሪያ የተገናኙ ሰሞን።

«ለዓይን የተሠሩ ናቸው።»

«ዓይን ሲጠግብ አያውቁም እንዴ? እኔ አሁንስ ሰለቸኝ። አንድ ቀን እንኳ ቢረግፉልኝ።»

ያን ሰሞን «እርስዎ» ትለው ነበር። ጉልበቷን ይዛ ስትነሳ ክንዱን ሰጣት፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ «አንተ» አለችው፤ እሱም «አንቺ» አላት። ስለ ፍሬ ማውራት ክልክል ነው፤ የአንዱ ቃል የሌላውን ምላስ ያበላሻል። ስለዚህ ስለ ዝናብ፣ ስለ ጉልበት፣ ስለ ልጇ፣ በሕልማቸው ስለሚበሉት ሽሮ ያወሩ ነበር። በአብዛኛው እሷ ታወራለች፣ እሱ ይሰማል። ወደ ክፍሉ ሲመለስ ምሽቱ እንደሌሎቹ ምሽቶች አይረዝምበትም ነበር። ይህን አልነገራትም።

የምርጫው ኃላፊ ዶክተር ኤልዳና ትባላለች። ጸጥ ያለች፣ እንቅልፍ ያነሳት የምትመስል፣ በአርባዎቹ ዕድሜ ያለች ሴት ናት። አንድ ቀን ሁለቱን ቢሮዋ አስጠራቻቸው።

«ላለፉት ወራት የሰጣችሁትን መልስ አየሁት» አለች። «ጋሽ እሱባለው ይቀርባል ያሉትን ሁሉ እማማ ባንቺ አይደለም ብለዋል። እማማ ይቀርባል ያሉትን ደግሞ እርስዎ አይደለም ብለዋል። አንድም ጊዜ አልተገናኛችሁም።»

«እንዴት እንገናኛለን ልጄ?» አለች ባንቺአምላክ። «እኔ የምፈልገው የጓሯችንን ኮክ ነው። እሱ የሚፈልገው የእናቱን ቤት። ከአንድ ዛፍ አልበላን።»

«አውቃለሁ።»

«ካወቅሽ ታዲያ የተሳሳተው ማንኛችን ነው?»

«ማናችሁም አልተሳሳታችሁም። ከዘር የበቀለ ኮክ ሁሉ ለየብቻው ነው፤ ይህን እኔም አላጣሁትም። ግን የሚተከለው አንድ ነው። ብዙ እንትከል ብዬ ጠይቄ ነበር። ለቀማው፣ ማሸጊያው፣ ማጓጓዣው የተዘጋጀው ለአንድ ዓይነት ፍሬ ነው ተባልኩ።»

«እንደ ንጋት» አለ እሱባለው።

«እንደ ንጋት» አለች ኤልዳና። አልካደችም። «ሁለታችሁም አንዱን ፍሬ ‹ነው› ያላችሁበት ቀን ምርጫው ያልቃል፤ ወደ ቤታችሁ ትገባላችሁ» አለች።

ከዚያ ስብሰባ በኋላ ማዕከሉ ሁለቱ እስኪስማሙ ድረስ እንዳይገናኙ ወሰነ። ሲያስቡት ግራ የሚያጋባ ውሳኔ ነበር፤ ስምምነቱ ከምላሳቸው እንጂ ከንግግራቸው እንዳይመጣ ነው ተባለ። የግቢው ሰዓት ተከፈለ። ባንቺአምላክ ከምሳ በኋላ ትወጣለች፤ እሷ ስትገባ እሱባለው ይወጣል። ወንበሩ ላይ ሲቀመጥ እንጨቱ አንዳንዴ ሙቀቷን እንደያዘ ያገኘዋል። በእሷ በኩል አይቀመጥም፤ በራሱ በኩል ይቀመጥና አበቦቹን ያያል። የሰው ድምፅ ሳይሰማ የሚውልባቸው ቀኖች በዙ። በቀን የሚናገራቸው እነዚያ ሦስት ቃላት ብቻ ሆኑ፤ አንድ ቀን የምታጸዳዋ ሴት በኮሪደሩ «ደኅና አደሩ?» ብትለው «ይቀርባል» ብሎ መለሰላት። ሴትዮዋ ሳቀች። እሱ ክፍሉ ከገባ በኋላ ለረዥም ጊዜ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ።

በክረምቱ አጋማሽ ባንቺአምላክን ብርድ መታት። ትኩሳቱ ለቀቃት፤ ማሽተት ግን አልተመለሰላትም። መስታወቷ በየጠዋቱ ቢጫ አበራች። ሐኪሙ ከዚህ በኋላ አይመለስም ሲል ሻንጣዋን እሰሩ ተባለ። ከመሄዷ በፊት እሱባለውን እንድትሰናበት ተፈቀደላት። መኪናው በር ላይ እየጠበቀ ወንበሩ ላይ ተቀመጡ። ከስታለች፤ ሁለት ጋቢ ደርባለች።

«ገንፎውንስ አልናፍቀውም» አለች።

«ልጅሽ ታውቃለች መምጣትሽን?»

«ታውቃለች። ሽሮ ሠርታ ነው የምትጠብቀኝ። ብበላውም አይታወቀኝም እንግዲህ።» አፏን ሸፍና ሳቀች። ከዚያ ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ስማኝ። የኛን ኮክ ልንገርህ።»

«ክልክል ነው እኮ። ታበላሺኛለሽ።»

«ተበላሽ። እኔ ከሄድኩ የሚያውቀው ማን አለ? ትንሽ ነበር፤ የሕፃን ጡጫ አይሞላም። ሥጋው ዘሩን አይለቅም፤ በጥርስህ ነው የምትግጠው። ዘሩ ዙሪያ ደም መስሎ ይቀላል። መጀመሪያ ይጣፍጣል፣ መጨረሻ ላይ ምላስህ ሥር መረር ይላል። ሕፃን ሆነን ዘሩን በድንጋይ ሰብረን ውስጡን እንቀምስ የለ? እንደዚያ። አባቴ ይሄ መራራ ነገር ይቆረጥ ሲል እናቴ እኔ የምወደው እሱን ነው ብላ አስተወችው። ጎረቤት አይወደውም ነበር። እኛ ቤት ግን ሲያልቅ እናለቅስ ነበር።»

እሱባለው ጣዕሙን ለመገመት ሞከረ። እንዲህ ያለ ፍሬ በልቶ አያውቅም።

«የእናንተስ?» አለችው።

አፉን ከፈተ። «የኛ ነጭ ነበር፣ ውስጡ። ዘሩ ይለቃል። ጣፋጭ ነው። እንደ ማር።»

«ማርማ ሁሉም የሚለው ነው። እንዴት ያለ ማር?»

ፈለገው። ዛፉን አየው፤ ግንዱ የተደገፈበትን የድንጋይ ካብ፣ እናቱ ወንፊቷን የምትሰቅልበትን ቅርንጫፍ፣ መሬት በወደቀው ላይ የሚያንዣብበውን ንብ ሁሉ አየ። ፍሬውን አነሳና ወደ አፉ አስጠጋው፤ እዚያ ላይ ግን ምንም አልነበረም። የመጣለት ቀዩ ክፍልና ገንዳው ነው። እነዚያ ሁሉ ሺህ ቁራጮች አንዱ በአንዱ ላይ ተነጥፈው የታችኛው አልታይ ብሎታል።

«የለም» አለ። «ባንቺ፣ አጣሁት።»

አይዞህ አላለችውም። እጇን ጉልበቱ ላይ አደረገች። «ሲመጣ ታውቀው ይሆናል» አለች። «ካልመጣም አንዱን ነው በልና ወደ ቤትህ ግባ። እዚህ አትሙት።»

ሾፌሩ ጥሩምባ ነፋ። ክንዱን ሰጥቷት እስከ በሩ ሸኛት።

እሱባለው ብቻውን ቀማሽ ሆኖ ቀጠለ። ከእሱ ጋር የሚስማማ ሰው ስለሌለ ምርጫው አሁን በእሱ ቃል ብቻ የሚያልቅ ነበር። ግቢው ቀኑን ሙሉ ተፈቀደለት። አንዳንድ ቀን ስልክ እንዲደውሉለት ሊጠይቅ ያስብና ምን ብሎ እንደሚያወራት ሲጠፋው ይተወዋል። አንድ ቀን ኤልዳና በሥራ መሐል ስትመጣ «ባንቺአምላክ እንዴት ናት?» ብሎ ጠየቃት።

ኤልዳና ወንበር ስባ ተቀመጠች። «አርፈዋል ጋሽ እሱባለው። ሳምንት አለፈ።»

«ሳምንት?»

«አዎ።»

«ያኔ ለምን አልነገራችሁኝም?»

«መስታወቷ ቢጫ ትሆን ነበር» አለች። ሌላ ምክንያት ልትፈጥር አልሞከረችም። «ሳንነግርዎት እንድንቆይ የወሰንኩት እኔ ነኝ።»

እሱባለው ተነሳ። «ለቅሶ ልድረስ» አለ።

«ማንም አይከለክልዎትም። ግን ከወጡ መመለስ የለም። ለቅሶ ቤት የሚቀምሱት ወጥ ምላስዎን ለወራት ይይዘዋል፤ ምርጫው ደግሞ ከፋሲካ ማለፍ አይችልም። ሳይመረጥ ከተዘጋ ሁሉም ዛፎች ይወገዳሉ።»

አልወጣም። ማታ ክፍሉ ውስጥ ማልቀስ መጣበት፤ መስታወቷ ትዝ ስትለው ዋጠው። ከጥቂት ቀን በኋላ አልመጣ አለው።

ከፋሲካ በፊት ባለው የጾም ወር አንድ ጠዋት ከቀረቡለት ሳህኖች አንዱ ላይ ቆመ። ጣፋጭ ነበር፤ ጣፋጩ ሥር ደግሞ ሌላ ነገር አለ፣ ጠዋት ጤዛ ያለበት ሣር እንደመንካት ያለ ቅዝቃዜ። ካቡን አየው። ወንፊቱንም አየው። ግን ካቡን ሲፈልገው የሚያየው ነገር ስለሆነ ጣዕሙ አምጥቶት ይሁን ራሱ ጠርቶት አላወቀም። «ይቀርባል» አለ። ተጉመጠመጠ።

ሌሎች አለፉ። ከዚያ አንዲት ቁራጭ መጣች፤ ሥጋዋ ከዘር ላይ ተቦጭቃ የወጣች ይመስል ጭረት ጭረት አላት። ጣፈጠችው። ሊተፋት ሲል ምላሱ ሥር መረር አለችው። ዘር በድንጋይ ሲሰበር ውስጡ እንዳለው ፍሬ።

አልተፋትም። ዋጣት፤ ይህም ክልክል ነው። እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ተቀመጠ። ቃሉን የምትቀዳው ድምፅ ማንሻ መልስ እየጠበቀች ብልጭ ብልጭ ትላለች።

«ነው» አለ።

ቀዩ መብራት ጠፍቶ ነጩ በራ። ብዙም ሳይቆይ ኤልዳና ራሷ መጣች፤ እየሮጠች እንደነበር ከአተነፋፈሷ ይታወቃል።

«እርግጠኛ ነዎት?»

«ነኝ።»

«ይህን ዛፍ ከዚህ በፊት ደጋግመው አይደለም ብለውታል።»

«ተሳስቼ ነበር።»

ከእጇ ሰሌዳ ላይ የሆነ ነገር አየች። «እማማ ባንቺ ይቀርባል ብለውት ነበር» አለች ቀስ ብላ።

«እንግዲያው ተስማምተናል።»

ኤልዳና ቀና ብላ አየችው። የገባት መሰለው። «ዛሬ ጠዋት ሌላ ይቀርባል ያሉት አለ» አለች። «ከመዘጋቱ በፊት ደግመው መቅመስ ይችላሉ። መብትዎ ነው።»

«የቀሩት ዛፎች ምን ይሆናሉ?»

«የመስታወት ቤቱ ለችግኝ ማባዣ ይፈለጋል። ነገ መቁረጥ ይጀምራሉ።»

«ዘራቸውስ?»

«ለማስቀመጫ ቦታ ጠይቄ ነበር። አልተፈቀደም።»

እሱባለው ነጭ መብራት ውስጥ ክፍሉን አየው። ግድግዳው እዚህም እዚያም ተላልጧል። ይቀርባል ያለውን ደግሞ ቢቀምሰውና የእናቱ ዛፍ ሆኖ ቢያገኘው ባንቺአምላክን ራሱ መካድ ሊኖርበት ነው። ቢቀምሰውና ባይሆን ደግሞ የቀረችው ጥርጣሬ እንኳ ልትወሰድበት ነው።

«አያስፈልግም» አለ።

ዝርያው «ወይራ አፋፍ» ተባለ። እሱባለው ቁልቋል በር በሉት ብሎ ጠይቆ ነበር፤ ስያሜው ባረጋገጠው ሰው መንደር ነው የሚሆነው ተባለ። በማዕከሉ መኪና ወደ መንደሩ፣ ወደ ወንድሙ ልጅ ቤት ተወሰደ። መጀመሪያ ቀን የቀመሰው ወጥ አፉን አቃጠለው፤ ዓይኑና አፍንጫው አንድ ላይ ፈሰሰ። የቤቱ ሰዎች በርበሬው ነው ብለው ውሃ አቀበሉት። እሱም በርበሬው ነው አለ፤ ሲፈስስለት ግን ብዙ ቆየ።

ችግኙ በየቤቱ ተከፋፈለ። በሦስተኛው ዓመት አፈራ። በወይራ አፋፍ ግቢዎች ሁሉ በአንድ ሳምንት ቀላ፤ ወጣቶቹ ፍሬውን ይዘው ከእሱባለው ጋር ፎቶ ተነሱ። መራራውን ያልወደዱትም የአባቶች ጣዕም ነው እየተባለ ለመዱት። የወንድሙ ልጅ «አያቴ ጓሮ የነበረው ይሄ ነው አይደል?» ብሎ ጠየቀው። እሱባለው አንገቱን ነቀነቀ።

በዚያው ሳምንት ዱላውን ይዞ ወንዙን ተሻገረና የባንቺአምላክን ቤት እየጠየቀ ቁልቋል በር ደረሰ። ልጇ ይመኙሻል ትባላለች፤ ቁመቷ እናቷን ነው። ማንነቱን ሲነግራት በሁለት እጇ እጁን ያዘችና አስገባችው። መጀመሪያ ስለ ለቅሶው ተባባሉ፤ እግዜር ያጥናሽ አላት፣ አሜን አለች። ከዚያ ኮክ በሳህን አቀረበችለት። ከጓሮዋ የተለቀመ ነው።

እሱባለው አንዱን አንስቶ ዘሩን እስኪያገኝ ጋጠው። ቀዩ ጣቶቹን ነካው። ምላሱ ሥር መራራው መጣ።

«አንቺ አትበዪም?»

«እኔ እንኳ መጨረሻውን ብዙ አልወደውም። እንግዳ ሲመጣ ነው የምለቅመው።»

«እናትሽ ድሮ ስለነበረው ዛፋችሁ ምን ትል ነበር? እንዴት ያለ ነው ትል ነበር?»

ይመኙሻል አሰበች። «እኔ ሳልወለድ ነው የተቆረጠው። ኮክ ነበረን ስትል እሰማለሁ፤ ሌላ የነገረችኝ የለም። ከማዕከሉ ከመጣች በኋላ ስለ ዛፍ አንሥታም አታውቅ።»

እሱባለው በእጁ የያዘውን ዘር ሳህኑ ላይ አስቀመጠ። ቁልቋል በር ውስጥ የሚጠይቀው ሌላ ሰው እንደሌለ ያውቃል።

«ስለ እርስዎ ነበር የምታወራው» አለች ይመኙሻል።

«ስለ እኔ?»

«አብሮኝ የሚቀመጥ ሰው ነበር ትል ነበር። ብዙ አይናገርም፣ ግን ጎኑ ሲቀመጡ ብቻዬን ነኝ አያሰኝም ትል ነበር። ውሻ በጮኸ ቁጥር እዩ እስቲ እሱ ይሆናል እያለች...» አልጨረሰችውም። «መጥቶ ይጠይቀኛል ብላ ጠብቃዎት ነበር።»

«አላወቅኩም» አለ እሱባለው።

«እንዴት ያውቃሉ። አልተደወለልዎትም።»

ሊነግራት የፈለገው ብዙ ነገር ነበር። ስለ ወንበሩ፣ ስለ እንጨቱ ሙቀት፣ ያን ቀን ጠዋት ስለ ዋጣት ቁራጭና ከእሷ በፊት ስለ መጣችው። ከየት እንደሚጀምር አጣው። ቃላቱ አፉ ድረስ እየመጡ አንድ በአንድ ተመለሱ። ይመኙሻል ሳህኑን አንስታ ገባች።

ሊሄድ ሲነሳ ዘንቢል ይዛ ወጣች። «ባዶ እጅዎን አይሄዱም» አለችና ከቅርንጫፉ እየለቀመች መሙላት ጀመረች፤ የበሰለውን እየመረጠች፣ እንዳይፈርጥ ቅጠል በመሐሉ እያደረገች። ግማሽ ሲሆን እጇ ቆመ።

«ለካ እናንተም ግቢ ያለው ይሄው ነው» አለች።

«አዎ» አለ እሱባለው። «ይሄው ነው።»

አፏን በእጇ ሸፍና ሳቀችና ፍሬዎቹን አንድ በአንድ ከዘንቢሉ አወጣቻቸው። እሱባለው ተሰናብቶ ወጣ። ከአጥር ወደ አጥር የሚሻገረው ቅርንጫፍ ሁሉ አንድ ዓይነት ቀይ ፍሬ ተሸክሟል። ወደ ወንዙ ሲወርድ ዱላውን ብብቱ ሥር አደረገና የሚይዙት ያጡትን እጆቹን ኋላው አጣመራቸው።